ለእህቴ የተውሁት መሬት

በሲስተሮች ማኅበራችን ውስጥ «የእኔ» የሚለውን ቃል መተው የተማርሁት በሳሙና ነው። በገባሁበት ዓመት አንዲት ታላቅ እህት ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ ላይ ሳሙና ስታነሣ አየሁና «እሱ የእኔ ነው» አልኋት። ሳሙናውን መዳፌ ላይ አኑራ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሄደች። በነጋታው የጀማሪዎች አስተማሪያችን ጠሩኝና፣ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ማንኛውም ነገር ስናገር «የእኛ» እያልሁ እንድናገር አዘዙኝ። ጫማችን ተበጠሰ። ጥርሳችንን አመመን። ጓደኞቼ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን ገባኝ።

ድህነት ብለን የማልነው እንዲህ ያለውን ኑሮ ነበር። ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሹራብ፣ አንድ የቤት ጫማ፣ አንድ የመንገድ ጫማ። ሰው ስጦታ ከሰጠን ለቤቱ እናስረክባለን። ጫማ ሲያልቅብን፣ ባጃጅ መሳፈር ሲያስፈልገን አለቃችንን እንጠይቃለን። ስልክ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በአለቃችን ጠረጴዛ ላይ ይውላል። ለሚሰማው ሰው እስር ቤት ይመስላል። ለእኔ ግን ሸክም ማውረድ ነበር። በልጅነቴ በቤታችን የሚወራው ሁሉ ማን የማንን ድንበር እንደገፋ፣ የማን በሬ የማንን እህል እንደበላ፣ ማን ለማን ምን እንዳወረሰ ነበር። ከዚያ ሁሉ ወጣሁ ብዬ ደስ አለኝ። ዛሬም ቢሆን ያ ደስታ ውሸት ነበር አልልም።

የተወለድሁት ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። ዘራችን ከአዊ ነው፤ እናቴ ከእህቶቿ ጋር ስትሆን በአዊኛ፣ ከእኛ ጋር ስትሆን በአማርኛ ታወራ ነበር። ቤተሰቦቼ ኦርቶዶክስ ናቸው። የካቶሊክ ሲስተሮቹን ያወቅኋቸው ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ ስማር ነው። ከትምህርት መልስ በመዋዕለ ሕፃናታቸው ልጆች እጠብቅላቸው ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ ካየኋቸው በኋላ እንደ እነሱ ልሁን አልሁ።

እናቴ አለቀሰች። ሃይማኖቴን መለወጤ ከመሞቴ አላነሰባትም። አባቴን ግን የገረመው ሌላ ነገር ነበር።

«ሄደሽ ምን ልትሆኚ ነው?» አለኝ።

«ድህነትን ልምል ነው፣ አባባ።»

ብዙ አየኝ። «ድህነት እዚህስ መቼ ጠፋ?» አለ።

ከዓመት በኋላ ሊጠይቀኝ ፍኖተ ሰላም መጣ። በግንብ የታጠረውን ግቢ፣ የቧንቧውን ውኃ፣ የተወለወለውን ወለል እየዞረ አየ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነበር የገባው። ሊሄድ ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ድሆቹ እነዚህ ናቸው?» አለኝ። አፍሬ ሳቅሁ። ይህን ለአለቆቼ ነግሬአቸው አላውቅም።

ሦስት ልጆች ነበርን። ታላቅ ወንድማችን፣ እኔ፣ ከእኔ ደግሞ በዘጠኝ ዓመት የምታንስ እህታችን። እሷን አዝዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ እናታችን ገበያ የወጣች ቀን ከጀርባዬ አትወርድም ነበር። «እታለም» ነበር የምትለኝ። ወንድማችንን ሁለታችንም «ጋሼ» እንለዋለን፤ አንቱ ነው የምንለው። አባታችን ከደከመ ወዲህ ቤቱን የያዘ እሱ ነው። አርሶ አብልቶናል። ፍኖተ ሰላም ስማር የቤት ኪራዬን የከፈለልኝም እሱ ነው። የሆነውን ሁሉ ካወራሁ ይህንንም ማውራት አለብኝ። ሲያድግ ክፉ ሰው አልነበረም።

እናታችን ዐረፈች፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አባታችን ተከተላት። መሬቱ ለሦስታችን ተከፈለ። ለእኔ የደረሰኝ ከወንዙ ዳር ያለው ሁለት ቃዳ፣ ግማሽ ሄክታር ያህል ነው፤ ጥቁር አፈር፣ በበጋም ውኃ የማይርቀው፣ በርበሬ የሚሆንለት። ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነበር። እህቴ የደረሳት ዳገት ላይ ያለው ድንጋያማው ነው።

የመጨረሻውን መሐላ ከመፈጸማችን በፊት እያንዳንዳችን ያለንን ለማን እንደምንተው በጽሑፍ መጨረስ ነበረብን። እኔ አላመነታሁም። እህቴ በዚያ ሰሞን ታጭታ ነበር፤ ለሠርጓ የምሰጣት ሌላ ምን ነበረኝ? ለወንድሜ ላክሁበትና «መሬትሽን ለእሷ ልትተዪው ነው? መልካም አስበሻል» አለ።

ለመሐላው አንድ ሳምንት ሲቀረው ወንድሜ ራሱ መጣ። ከመሬት ጽሕፈት ቤት ያመጣውን ቅጽ በእንግዳ መቀበያችን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። የእኔ ስም ተጽፏል። የመሬቱ አዋሳኝ በአራቱም ማዕዘን ተጽፏል። የተቀባዩ ስም የሚገባበት መስመር ግን ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ የእሷ ስም የለም እኮ» አልሁት።

«ሠራተኛው ነው በራሱ እጅ የሚሞላው። እሷም ቀርባ ትፈርማለች። ያንቺን ጨርሽ አንቺ። ሌላ ቀን ልመላለስ ብትዪስ ይፈቅዱልሻል?»

«አይፈቅዱልኝም። ከነገ ጀምሮ ሱባዔ ልንገባ ነው።»

«እንግዲያው ፈርሚያ።»

ፈረምሁ። አብረውት የመጡ ሁለት ሰዎች በምስክርነት ፈረሙ፤ አንደኛው የሚስቱ ወንድም ነው። ወንድሜ ወረቀቱን አጣጥፎ በደረት ኪሱ ከተተና ተነሥቶ ትከሻዬን ሳመኝ። «ለእሷ እናት ሆንሽላት» አለኝ። እንባዬ መጣ። ከእናቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ያለ ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

መሐላውን በፈጸምሁበት ቀን ወንድሜም እህቴም መጡ። ወንድሜ አዲስ ጋቢ ለብሶ ከኋላ ተቀምጧል። ከቅዳሴ በኋላ እህቴን ጥግ ወስጄ «የወንዙ ዳር ያንቺ ነው፤ ጋሼ ይይዝልሻል» አልኋት። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ያን ቀን ሰማይና ምድር አልበቃኝም ነበር። በዚህ ዓለም ላይ አንድም ነገር የለኝም፤ የነበረኝም ለምወዳት ሰው ደርሷል ብዬ አሰብሁ።

እህቴ አገባች። ባሏ የሰሜን አቸፈር ሰው ስለነበር ወደ ሊበን ይዟት ሄደ። ወንድማችን የወንዙን ዳር እያረሰ በየዓመቱ አንድ ጆንያ በርበሬ ይልክላት ነበር። እሷ «የመሬቴ ድርሻ ነው» ትላለች። እኔም በዓመት አንዴ ስታየኝ ይህን ስትነግረኝ ደስ ይለኛል። አሥር ዓመት ያህል እንዲሁ ሄደ።

ከዚያ ባሏ ሌላ ሴት አገባ። እሷ ሁለት ሴቶች ልጆቿን ይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች።

አንድ ቀን ሕፃናቱን ምሳ እያበላን ሳለ ዘበኛችን፣ ደግ ሽማግሌ፣ መጥተው «ሲስተር፣ እህትዎ በር ላይ ናቸው፤ አይግቡም አሉኝ» አሉኝ። ወጣሁ። እህቴ ከግንቡ ጥግ ቆማለች። እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ ነው።

«እታለም፣ መሬቱን ለማን ነው የሰጠሽው?» አለችኝ። ሰላምታ አላቀረበችልኝም።

«ላንቺ ነዋ!»

«ጋሼ ‹የትኛው መሬት?› አለኝ። የመሬቱን ደብተር አውጥቶ አሳየኝ። በሱ ስም ነው። ፊርማሽ አለበት። ፊርማሽን አውቀዋለሁ።»

በዚያ ቅጽበት የተሰማኝ ቁጣ አልነበረም። ያ ባዶ መስመር ከነአግድመቱ ፊቴ ላይ መጣ፤ ከዚያ በላይ ምንም አላሰብሁም። እጇን ይዤ አስገባኋት። ምሳ ሰጠናት። ሁለት ጊዜ ጎርሳ ተወችው።

የቤታችን አለቃ በዚያን ጊዜ ከሌላ አገረ ስብከት ተዛውረው የመጡ ሴት ነበሩ። ስለ እሳቸው ሳወራ ዛሬም ልቤ ሁለት ይሆንብኛል። ካየኋቸው እህቶች ሁሉ ድህነትን እንደ እሳቸው የኖረ አላየሁም። ካልሲያቸውን ራሳቸው ይጠቅማሉ። አንድ ቀን ለበር ላይ ለማኝ ጫማቸውን አውልቀው ሰጥተው በቤት ጫማ ቅዳሴ ሲገቡ አይቻለሁ። «ድሃ ማለት ሊወስዱበት የሚችሉት ነገር የሌለው ሰው ነው፤ ስለዚህ አይፈራም» ይሉን ነበር። ይህን ቃል በልቤ ይዤው ነበር የምኖረው።

ነገሩን ነገርኋቸው። አዘኑ። «ሂጂና ወንድምሽን በፍቅር አናግሪው» ብለው የመሳፈሪያም ሰጡኝ።

እስከ ቡሬ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግሬ ሄድሁ። እህቴ ሦስት ሽማግሌዎች ለምና ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጥን። ወንድሜ ዘግይቶ መጣ። ለሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ለእኔም እንዲሁ፤ «እንደምን ዋሉ፣ ሲስተር» አለኝ። ከተወለድሁ ጀምሮ አንቱ ብሎኝ አያውቅም። ያኔ ልቤ ተጠራጠረ።

ሽማግሌዎቹ ጠየቁት። እሱም ረጋ ብሎ ተናገረ።

«መሬቱን ሲስተር በፊርማቸው ሰጥተውኛል። ምስክሮቹ አሉ። እህቴን ደግሞ አልጣልኋትም፤ በየዓመቱ በርበሬ ስልክላት ነበር። ያ ስጦታዬ ነው። ሲስተር ዓለምን ትተው ድህነትን የመረጡ ሰው ናቸው። የዚህ ዓለም መሬት ዛሬ ምን ቆረቆራቸው?»

«ጋሼ፣ በልቤ ለማን እንደሰጠሁት ያውቃሉ» አልሁት።

«እኔ ወረቀት ነው የማውቀው። ልብ እግዜር ያውቃል።»

«መስመሩ ባዶ ነበር! ‹ሠራተኛው ይሞላዋል› ብለህ አስፈረምኸኝ! አንተ ነህ ባዶ ወረቀት ያስፈረምኸኝ!»

አንተ አልሁት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ሽማግሌዎቹም ሰሙት፤ ፊታቸው ተቀየረ። ወንድሜ ጋቢውን አስተካከለ፤ የተበደለ ሰው ይመስል ነበር። ከሦስቱ ያረጁት ሽማግሌ ዱላቸውን መሬት ላይ እየነኩ «ልጄ፣ ወንድምሽ መሬቱን ሲያርስ ሲያርስ እናንተን ረሳ» አሉኝ። ቆየት ብለው ደግሞ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እኛ ማስታረቅ እንጂ ወረቀት መቅደድ አንችልም። ይህን ቃልሽን ፍርድ ቤት ተናገሪው። ለእህትሽ የቀረላት ያንቺ ምላስ ብቻ ነው» አሉ።

እህቴ በቡሬ ፍርድ ቤት ክስ ከፈተች። ከምስክሮቿ አንደኛዋ አድርጋ ስሜን አስጻፈች። እኔም ለአለቃችን ይህንኑ ነገርኋቸውና «ቀኑ ሲደርስ ትሄጃለሽ» እንዲሉኝ ጠበቅሁ። «እናያለን» አሉ።

ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ጠርተውኝ፣ ለስምንት ቀን ሱባዔ ባሕር ዳር እንድሄድ ነገሩኝ። ተራዬ አልነበረም። «ደክሞሻል፤ ልብሽ ይረፍ» አሉኝ። አመሰገንኋቸው። እውነትም ደክሞኝ ነበር። እጃቸውን ስሜ ሄድሁ።

የዚያ ሱባዔ ትምህርት ስለ ድህነት ነበር። ሰባኪው አባት ጥሩ አድርገው አስተማሩን። ማስታወሻ ያዝሁ። በስምንተኛው ቀን ለመመለስ ልብሴን ስከት ከአለቃችን መልእክት መጣ፤ በባሕር ዳሩ ቤት አንዲት አሮጊት እህት በጠና ታማለችና እዚያው ቆይተሽ አስታምሚ የሚል። ታዘዝሁ። መንገዱም በጸጥታው ችግር በዚያ ሰሞን ሲከፈት ሲዘጋ ነበር። አሮጊቷን ሦስት ወር አገላብጬ አጥቤ አጉርሼ፣ እጄ ላይ ዐረፈች። ቀበርናት። ስለ እህቴ ጉዳይ ስጠይቅ «ገና ነው፤ አልተቆረጠም» የሚል መልስ በስልክ ይነገረኝ ነበር። ስልኩን የሚያነሡት አለቃችን ራሳቸው ናቸው።

ፍኖተ ሰላም ስመለስ በሩን የከፈቱልኝ ዘበኛችን ናቸው። ሻንጣዬን ተቀብለው ቆሙ። መሄድ አልቻሉም።

«ሲስተር፣ ምነው እንዲህ ያደርጋሉ?» አሉኝ።

«ምን አደረግሁ፣ አባቴ?»

«እህትዎ ስንት ቀን እዚህ ተንከራተቱ መሰለዎት! ያ የፍርድ ቤት መጥሪያ በመጣ ጊዜ እኔ ነኝ የተቀበልሁት። እርስዎ ገና እዚሁ ነበሩ። በማግስቱ ባሕር ዳር ሄዱ ተባለ። ‹ሸሽታኝ ነው› ብለው አለቀሱ እህትዎ። ወንድምዎ ደግሞ ማር ይዘው መጥተው ከአለቃ ጋር ብዙ ተጫወቱ። እኔ ነገሩ አልገባኝም።»

እኔ ግን ገባኝ። ከነሻንጣዬ ወደ አለቃችን ቢሮ ገባሁ። ይጽፉ ነበር።

«መጥሪያ መጥቶልኝ ነበር?» አልኋቸው።

ብዕራቸውን አስቀመጡ። አልዋሹኝም። «መጥቶ ነበር» አሉ።

«ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?»

«ብነግርሽ ትሄጂ ነበር።»

ቆሜ ቀረሁ። ወንበር አሳዩኝ፤ አልተቀመጥሁም። ከዚያ ቀስ ብለው ሁሉንም ነገሩኝ። በተወለድሁበት ቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ለመክፈት ቦታ ከጠየቁ ዓመት አልፏቸዋል። ቦታውን ከሚያዩት የቀበሌው ኮሚቴ አባላት አንዱ ወንድሜ ነው። መጥቶ በትሕትና አነጋግሯቸዋል፤ «ሲስተር ፍርድ ቤት ቆመው ቤተሰብ ከሚያዋርዱ ይቅሩልን፤ እኛም የልጆቹን ነገር እናስብበታለን» ብሏቸዋል።

«እህትሽ አንድ ሰው ናት» አሉኝ። «ሕፃናቱ ብዙ ናቸው። በዚያ ቀበሌ የሚያስተምራቸው የለም። እኔ ለራሴ አንድ ነገር አልፈለግሁም፤ ታውቂኛለሽ።»

«አውቅዎታለሁ።»

«አንቺ ደግሞ መሬት የለሽም። ትተሽዋል። የተዉትን ነገር ተመልሶ መከራከር የድህነት መሐላን ማፍረስ ነው።»

«እማ፣ መሬቱ የእኔ አይደለም» አልኋቸው። «ያየሁት ግን የእኔ ነው። ዓይኔ ያየውንም ትቻለሁ ብዬ አልማልሁም።»

ብዕራቸውን መልሰው አነሡ፤ አልጻፉበትም። በመጨረሻ «ጸልዪልኝ» አሉኝ። ወጥቼ ሄድሁ። ያን ዓመት ለእሳቸው መጸለይ አልቻልሁም። ለራሴም በደንብ አልቻልሁም።

በነጋታው ሳልጠይቅ ወጣሁ። በማኅበሩ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ ያለ ፈቃድ ከበር የወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የመሳፈሪያዬን ዘበኛችን ሰጡኝ። ቡሬ ፍርድ ቤት ደርሼ፣ የመዝገብ ቤቷን ልጅ እየለመንሁ መዝገቡን አስወጣኋት። ልጅቷ ትሑት ነበረች። ገልጣ ገልጣ «ሲስተር፣ ተወስኗል። የይግባኙም ጊዜ አልፏል» አለችኝ። «ምስክሯ ብትቀርብ ኖሮ ምናልባት ሌላ ይሆን ነበር። ምስክሯ አልቀረበችም ነው የሚለው።» ምስክሯ እኔ መሆኔን አልነገርኋትም።

እህቴን ፈልጌ አገኘኋት። በቡሬ ከነቀምት መንገድ መገንጠያ ወረድ ብሎ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ በአንድ በርበሬ ነጋዴ መጋዘን የቀን ሥራ ይዛለች። የበርበሬውን እንጨት ይቀነጥሳሉ፤ የቀላውን ከነጣው ይለያሉ። ከመጋዘኑ ስትወጣ ጠብቄ ያዝኋት። ዓይኗ ከበርበሬው የተነሣ ደም መስሏል።

የሆነውን ሁሉ ነገርኋት። መጥሪያውን እንዳላየሁ፣ ወዴት እንደተላክሁ፣ ለምን እንደተላክሁ። ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«አምንሻለሁ» አለች። «እንዲህ ያለ ነገር አትዋሺም፣ ሲስተር።»

እታለም አላለችኝም።

«ይቅር በዪኝ» አልኋት።

«ምን አደረግሽ ብዬ ይቅር ልበልሽ? ሂጂ ሲሉሽ ሄድሽ፤ ፈርሚ ሲሉሽ ፈረምሽ። አንቺ ድህነትን መርጠሽ ገባሽ። የሚያበላሽ ቤት አለሽ፤ ስትታመሚ የሚያስታምምሽ አለ፤ ስትሞቺ የሚቀብርሽ አለ። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

አባቴ በግቢያችን ሲዞር ታየኝ። ልጆቿን ሳላይ ተመለስሁ።

ያለ ፈቃድ በመውጣቴ ለአለቃችን ራሴ ተናገርሁ። አልተቆጡም። ለተወሰነ ጊዜ ከግቢ እንዳልወጣ ብቻ አዘዙኝ፤ ታዘዝሁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማኅበሩን ለመተው የመሰናበቻ ደብዳቤ ጻፍሁ። ጽፌ ስጨርስ ቁጭ ብዬ አሰብሁ። ወጥቼስ የት ነው የምሄደው? ወንድም የለኝም። እህቴ ባለአንድ ክፍል ናት። የማርሰው መሬት የለኝም፤ ቀሚሱ እንኳ የማኅበሩ ነው። ብዙ ዓመት ድሃ ነኝ እያልሁ ኖሬ፣ ድህነቴ ያንጊዜ ገና አስፈራኝ። ደብዳቤውን አልሰጠሁም። እምነት ነው ያስቀረኝ እንዳልል፣ ፍርሃትም አለበት። ፍርሃት ብቻ ነው እንዳልልም፣ ጠዋት ጠዋት ሕፃናቱ እየሮጡ ሲመጡ ደስ ይለኛል። ሁለቱንም ሳልለያቸው ኖሬአለሁ።

አለቃችን ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ ቤት ተዛወሩ። ሲሰናበቱን አንድ በአንድ አቀፉን። እኔ ጋ ሲደርሱ «ተሳስቼ ይሆናል» አሉኝ። ይሆናል የምትለዋ ቃል ዛሬም ታናድደኛለች። ቦታው ተሰጥቶን ነበር። ጸጥታው ሲደፈርስ፣ መንገዱም ሲዘጋ፣ ግንባታው ሳይጀመር ቀረ። ያዩት ሰዎች እንደነገሩኝ ሣር በቅሎበት የወንድሜ ከብቶች ይግጡበታል። እሱን ከዋርካው ሥር ወዲህ አላየሁትም። በፋሲካ ሰሞን በሰው ሰላምታ ይልክብኛል፤ እስካሁን አልመለስሁለትም።

ያለፈው ጥቅምት እህቴ ታመመች። ደረቷን ነው። መጋዘኑ ደግሞ የሰው ቦታ ቶሎ ይሰጣል፤ ሦስት ቀን ከቀረች ቦታዋን ሌላ ይይዘዋል። ታላቋ ልጇ ፈተና ላይ ነበረች። ሰማሁና አዲሷን አለቃችንን «ሦስት ቀን ይፍቀዱልኝ» አልኋቸው። በእህቴ ቦታ መጋዘኑ ውስጥ ልሠራላት እንደሆነ ነገርኋቸው። «በዚህ ልብስሽ?» አሉኝ። «ሌላ ልብስ የለኝም» አልሁ። ፈቀዱልኝ።

የመጋዘኑ ኃላፊ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ሴቶቹ አንዱን ጥግ ለቀቁልኝ። ማንም «ሲስተር፣ እርስዎ ይተዉ» አላለኝም፤ ሥራ ይበዛባቸዋል። እኔ ዘገምተኛ ነበርሁ። አንዲት አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «ወደ ፊትዎ አይንኩ፤ በክርንዎ ይጥረጉ» አለችኝ፤ ቀኑን ሙሉ ያናገረችኝ ይህን ብቻ ነው። ስናስል እንውላለን። የነጣውን ከቀላው ስለይ፣ ምናልባት ይህ በርበሬ ከወንዙ ዳር የመጣ ይሆናል ብዬ አሰብሁ። ከየትም ሊመጣ ይችላል። የቡሬ ዙሪያ ሁሉ በርበሬ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ እህቴ ክፍል ስገባ እጄ ተቃጥሎ መጨበጥ አልቻልሁም። እህቴ ከተኛችበት ቀና አለች። የዘይት ጠርሙስ ከሥሯ አነሣች።

«አምጪው» አለች።

እጄን ዘረጋሁላት። ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘይት ቀባቻቸው፤ በጥፍሮቼ ሥር ሳይቀር። እሷ የለመደችው ነው፤ የት የት እንደሚፋጅ ታውቃለች።

«ነገ እኔ ራሴ እገባለሁ» አለች።

«ገና አልዳንሽም።»

«እገባለሁ። ሚኒባሱ ሳያልቅብሽ ሂጂ።»

ልጆቿን ስሜ ወጣሁ። እስከ መገንጠያው ድረስ እጄን ከቀሚሴ አርቄ ነበር የሄድሁት፤ ዘይቱ እንዳይነካው።